ገና ሳይሠራ የተሸጠ ጨዋታ

እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካው አታሪ ኩባንያ የስቲቨን ስፒልበርግን «ኢ.ቲ.» ፊልም ወደ ቪዲዮ ጨዋታ የመቀየር መብት በውድ ዋጋ ሲገዛ ሐምሌ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ጨዋታው ለገና ገበያ መድረስ ስለነበረበት ፕሮግራመሩ ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ ያገኘው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ ያኔ አንድ ጨዋታ ለመሥራት ወራት ይፈጅ ነበር። ኩባንያው ግን የፊልሙን ዝና ተማምኖ በሚሊዮን የሚቆጠር ካርትሪጅ አስመረተ። ልጆች የገዙትን ጨዋታ ሲከፍቱ ያገኙት ጉድጓድ ውስጥ የሚወድቅ ፍጡር ነው፤ አንገቱን መዝዞ እየተንሳፈፈ ይወጣል፣ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ተመልሶ ይገባል።

«እንግዲያማ አታሪን የጣለው የጨዋታው መጥፎነት ነው» የሚሉ አሉ። ጉድለቱ አይካድም። ነገር ግን 1.5 ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሸጧል፤ ይህ በልኩ ለተመረተ ጨዋታ ትልቅ ድል በሆነ ነበር። ለእኔ የጣለው የተጋነነ ግምት ነው፤ ዋናው ማስረጃም ታኅሣሥ 1982 የሆነው ነው። የአታሪ ባለቤት ዋርነር የዓመቱ ትርፍ ዕድገት እንደተጠበቀው 50 በመቶ ሳይሆን ከ10 እስከ 15 በመቶ እንደሚሆን አስታወቀ። ዋርነር ያኔም እያተረፈ ነበር፤ ሆኖም የአክሲዮኑ ዋጋ በማግስቱ አንድ ሦስተኛ ያህል አሽቆለቆለ። የተቀጣው ከተጋነነው ተስፋ በማነሱ ነው። በ1983 አታሪ ያልተሸጠ ዕቃውን በኒው ሜክሲኮ፣ አላሞጎርዶ ቆሻሻ መጣያ ቀበረ። ቦታው በ2014 ሲቆፈር ከ«ኢ.ቲ.» ጋር እንደ «ሴንቲፒድ» ያሉ ተወዳጅ ጨዋታዎችም ወጡ።