ቤት ያጣ ማገር

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር የትራኮማ መድኃኒት ሲታደል ሚዛን አይፈለግም፤ ቁመት መለኪያ እንጨት ይበቃል። ሰውየው እንጨቱን ተደግፎ ይቆማል፤ ራሱ የደረሰበት ምልክት ስንት ፍሬ እንደሚውጥ ይናገራል። ለሕፃናት ሽሮፕ ይቀዳላቸዋል። መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን ነው፤ በንግድ ስሙ ዚትሮማክስ። የሚያሳድደውም ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ አዙሮ ዓይንን የሚያስፍቀውን፣ ስንቷን እናት ወረንጦ ከአንገቷ እንዳትለይ ያደረገውን በሽታ ነው።

ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መድረሻው ራይቦዞም ነው፤ ባክቴሪያ ፕሮቲኖቹን ሁሉ የሚሠራበት ቦታ። የዚህ መሥሪያ ታሪክና የመድኃኒቱ ታሪክ አብረው የተገመዱ ናቸው (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)።

ጆርጅ ፓላዴ በ1955 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያያቸውን ጥቃቅን እንክብሎች ገለጸ፤ ራይቦዞም የሚለው ስም የወጣላቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በዚያው በ1958 ኮፐንሃገን ውስጥ ኦሌ ማሎይና ባልደረቦቹ አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ምግቡ የደላው ባክቴሪያ በፍጥነት ከማደጉም በላይ ውስጡ ያለው አርኤንኤ ከፍጥነቱ ጋር ይጨምራል። አብዛኛው አርኤንኤ ደግሞ የራይቦዞም ነው። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሲርበው በጥቂት ሺህ ራይቦዞም ያዘግማል፤ በየ20 ደቂቃው ለሁለት ሲከፈል ግን እስከ 70,000 ይደርሳል። ቡሖ ላይ አዲስ ዱቄት ሲጨመር እርሾው የሚነቃቃው በዚሁ ዓይነት ነው።

ችግሩ ያለው ስሌቱ ላይ ነው። አንድ የኢ. ኮላይ ራይቦዞም ሦስት የአርኤንኤ ክሮችና ከ50 በላይ የፕሮቲን ዓይነቶች አሉት፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም አንድ አንድ ብቻ ነው የሚገቡት። አንዱ ቢጎድል ሥራው ይጓደላል፣ አንዱ ቢተርፍ ምግብ ይባክናል። ዘረመሎቻቸው ደግሞ አንድ ቦታ አልተከማቹም፤ በቡድን በቡድን ተበታትነው ነው ያሉት። ታዲያ ማን ያመጣጥናቸዋል?

መልሱን ያገኘው በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ ማዲሰን ከተማ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው ማሳያሱ ኖሙራ ነው። ሰውየው ቀድሞም በ1968 ከፒተር ትራውብ ጋር የራይቦዞምን ትንሹን ክፍል በታትኖ፣ ፕሮቲኖቹን ከአርኤንኤው ጋር መልሶ ሲቀላቅላቸው ራሳቸው እንደሚገጣጠሙ አሳይቶ ነበር። በ1979 ደግሞ የእሱ ቤተ ሙከራ ሰዎች የራይቦዞም ፕሮቲን ዘረመሎች የበዙላቸውን ባክቴሪያዎች መረመሩ። የዘረመሎቹን ትእዛዝ የሚያደርሰው መልእክተኛ አርኤንኤ እንደተጠበቀው ጨመረ፤ ፕሮቲኑ ግን አልጨመረም። ትእዛዙ ደርሷል፣ የሚፈጽመው ታግዷል ማለት ነው። በ1980 አጋጁ ተገኘ። ንጹሕ ፕሮቲኖችን አንድ በአንድ ወደ ሙከራ ቱቦ ሲጨምሩ አንዳንዶቹ የራሳቸውንና የጎረቤቶቻቸውን ሥራ አስቆሙ። አጋጁ ራሱ ምርቱ ነበር።

ደቦ ጠርቶ ቤት የሠራ የገጠር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አርኤንኤው ምሰሶና ወጋግራ ነው፤ ፕሮቲኑ ማገር። ማገሩ የሚታሰርበት እስካለ ድረስ ቆራጮች ይቆርጣሉ፣ ተሸካሚዎች ያመጣሉ። ቤቱ ሲሞላ ማገር ተሸክሞ የመጣው የሚያስርበት ያጣና ተመልሶ የቆራጩን እጅ ይይዛል። ምሳሌዬ የሚያነክሰው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ባክቴሪያ ውስጥ «ሞልቷል» ብሎ የሚያይ ዓይን የለም። ያለው መመሳሰል ነው። ፕሮቲኑን የሚያሠራው መልእክት ላይ የራይቦዞሙን አርኤንኤ የሚመስል እጥፋት አለ። ፕሮቲኑ እውነተኛውን አጥብቆ ይይዛል፣ አምሳያውን ላላ አድርጎ። እውነተኛው ሲያልቅ ብቻ አምሳያው ላይ ያርፋል፤ መልእክቱም ይዘጋል። በእኔ ግምት ከዚህ የረቀቀ ቁጠባ በሕይወት ሳይንስ ውስጥ ጥቂት ነው።

የምሰሶውን ቁጥር በዋናነት የሚወስነው ደግሞ ምግብ ነው። ማይክል ካሼልና ጆናታን ጋላንት በ1969 የተራበ ባክቴሪያ የሚያወጣትን አንዲት ትንሽ ንጥረ ነገር አገኙ፤ «አስማተኛዋ ነጥብ» አሏት። እሷ የራይቦዞም አርኤንኤ እንዳይሠራ ታደርጋለች፤ ቤት ያጡት ፕሮቲኖችም ራሳቸውን ያቆማሉ።

ከአጋጆቹ መካከል ለጎጃም የሚቀርበው ኤል4 የተባለው ነው። ኢ. ኮላይ ውስጥ የ11 ፕሮቲኖችን ቡድን ብቻውን ይቆጣጠራል። የአዚትሮማይሲን ታላቅ ወንድም የሆነውን ኤሪትሮማይሲንን የሚቋቋሙ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ኤል4 እንደተለወጠባቸው በ1970ዎቹ ይታወቅ ነበር። ምክንያቱ የታየው የራይቦዞም ቅርጽ በ2000 ጥርት ብሎ ሲወጣ ነው፤ ሥራው ራማክሪሽናንን፣ ስታይትዝንና ዮናትን በ2009 ለኖቤል ሽልማት አብቅቷል። አዲስ የተሠራ ፕሮቲን የሚወጣበት መተላለፊያ አለ፤ ኤል4 የቆመው መተላለፊያው በሚጠብበት ቦታ፣ መድኃኒቱ ከሚወተፍበት አጠገብ ነው።

አዚትሮማይሲን ራሱ የተገኘው ዛግሬብ ውስጥ በፕሊቫ ኩባንያ፣ በዚያው በ1980 ነው። ፋይዘር ከ1998 ጀምሮ ለትራኮማ በነጻ ይሰጠው ጀመር። በ2006 ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ቀበሌዎችን በዕጣ የመደበ ትልቅ ጥናት ተጀመረ። የ2009 ውጤቱ አስደናቂ ነበር፦ መድኃኒቱን ባገኙት ቀበሌዎች የሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። የ2010ሩ ግን አሳሳቢ ነው። በየሦስት ወሩ መድኃኒት በተሰጣቸው ሕፃናት አፍንጫ ውስጥ ኒሞኮከስ የተባለው፣ የሳንባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ ተመረመረ፤ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዝርያ የተገኘባቸው ሕፃናት በአንድ ዓመት ከ3.6 ወደ 46.9 በመቶ አሻቀቡ። ባልተሰጣቸው ቀበሌዎች 9.2 በመቶ ነበር። ሁለቱን ውጤት አንድ ላይ የማያነብ ሰው፣ ደጋፊም ሆነ ነቃፊ፣ ግማሹን ብቻ ነው የያዘው።

ባክቴሪያ እንደ ኤል4 ያለ ፕሮቲን ለውጦ ማምለጡ በጥቅሉ አልፎ አልፎ የሚሆን ነው። የሚበዛው ሌላ መንገድ ነው፤ ወይ መድኃኒቱን እየገፋ ያስወጣል፣ ወይም የራይቦዞሙ አርኤንኤ ላይ ምልክት አኑሮ መቀመጫ ያሳጣዋል። ይህን ምልክት የሚያኖረውን ኢንዛይም ቢሆን አንዳንድ ባክቴሪያዎች ዝም ብለው አይሠሩትም። መልእክቱ ተጣጥፎ፣ ተዘግቶ ይቆያል። ከፊቱ ያለችውን አጭር ጽሑፍ የሚያነብ አንድ ራይቦዞም መድኃኒቱ ይዞት መንገድ ላይ ሲቆም ብቻ እጥፋቱ ይፈታና ኢንዛይሙ ይሠራል። ይህን ከገለጹት አንዱ በርናርድ ዋይስብሉም ነው፤ በ1980፣ ኖሙራ በነበረባት በዚያችው ማዲሰን።