«ሳንክሽን» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉምና አገባብ

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የእንግሊዝኛ ቃል የምናጠናው በደብተር ነበር። በገጹ ግራ ቃሉን፥ በቀኙ የአማርኛ ትርጉሙን እንጽፍና ማታ ማታ በቃላችን እንይዘዋለን። «ሳንክሽን» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያጠናሁት በዚህ ዓይነት ነው። በትንሽ መዝገበ ቃላት በመጀመሪያው ተራ የተጻፈውን ወስጄ «ፈቃድ፥ ማጽደቅ» ብዬ ጻፍሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የዓለም መንግሥታት ማኅበር በ1928 ዓ.ም. ስለ ኢጣሊያ የወሰነውን «ሳንክሽንስ» የሚያወሳ ዐረፍተ ነገር ከታሪክ መጽሐፍ አገኘሁና «ማኅበሩ ለኢጣሊያ ፈቃድ ሰጠ» ብዬ ተረጐምሁት። መምህሩ በቀይ ቀለም ሰረዘው፤ ጓደኞቼም ሳቁ። ለዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ ነገሩን ለወንድ አያቴ ባጫውታቸው ግን እርሳቸው አልሳቁም። አባታቸው ማይጨው ዘምተው ነበር። «ምኑ ላይ ተሳሳትህ ልጄ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የነበረው» አሉኝ።

የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ የመምህሩን እርማትና የአያቴን ጥያቄ አንድ ላይ መመርመር ነው። እ.ኤ.አ. ከተባለው በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። «ሳንኪሬ» የሚለው የላቲን ግሥ ቀድሶ የማይደፈር አድርጎ መደንገግን ያመለክታል፤ «ሳንክቱስ»፥ ማለት ቅዱስ፥ የሚለውም ከዚሁ የወጣ ነው። ወደ እንግሊዝኛ በ16ኛው መቶ ዓመት ሲገባ ሕግ ወይም ድንጋጌ ማለት ነበር። ንጉሠ ነገሥት ካርል ስድስተኛ በ1713 እ.ኤ.አ. የኦስትሪያን ግዛት ሴት ልጅም እንድትወርስ ያወጣው ድንጋጌ «ፕራግማቲክ ሳንክሽን» የተባለው በዚሁ ትርጉም ነው።

ከዚህ ግንድ ሁለት ቅርንጫፎች በቀሉ። ሕግ የሚጸናው ባለሥልጣን ሲያጸድቀው ስለሆነ ቃሉ ማጽደቅና መፍቀድ ማለት ሆነ። ሕግ የሚከበረው ደግሞ የሚያፈርሰውን ቅጣት ሲያገኘው ስለሆነ፥ ቃሉ ሕግን የሚያስከብር ቅጣት ማለትም ሆነ። ፈላስፋው ጄረሚ ቤንታም በ1789 እ.ኤ.አ. ስለ ግብረ ገብና ስለ ሕግ ባሳተመው መጽሐፍ የተፈጥሮ፥ የመንግሥት፥ የሕዝብ አስተያየትና የሃይማኖት ብሎ አራት «ሳንክሽኖች» ሲቈጥር፥ ሰውን ወደ ሥርዐት የሚነዳውን ኀይል ማለቱ ነበር።

ሁለቱን ትርጉሞች የሚለያቸው አጃቢው ግሥ ነው። «ሳንክሽን» በነጠላ ሆኖ ሲሰጥ ወይም ሲገኝ ፈቃድ ነው፤ በብዙ ቍጥር ሆኖ በአንድ አገር ላይ ሲጣል ወይም ሲነሣ ቅጣት ነው። እንግዲህ የእኔ ስሕተት ግሡን ሳልመለከት ስሙን ብቻ መተርጐሜ ነው። አማርኛችን ግን ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው። «ማጽደቅ» የጽድቅ ዘመድ ስለሆነ እንደ ላቲኑ የቅድስና ምልክት አለበት፤ «ማዕቀብ» ደግሞ «ጠበቀ» ማለት ከሆነው ከግእዙ «ዐቀበ» የወጣ የ«ዐቃቤ ሕግ» ዘመድ ነው።

በመንግሥታት መካከል ቃሉ የቅጣት ትርጉም እንዲይዝ ፈረንሳይኛ ሳይረዳ አልቀረም። በ1919 እ.ኤ.አ. በተፈረመው በቬርሳይ ውል ሰባተኛው ክፍል በፈረንሳይኛው «ሳንክሲዮን» ሲባል፥ በእንግሊዝኛው ግን «ቅጣት» የሚል ርእስ ነበረው። የማኅበሩ ቃል ኪዳን የዚሁ ውል መጀመሪያ ክፍል ነው። በአንቀጽ 16 መሠረት ቃል ኪዳኑን አፍርሶ ጦርነት ያነሣ አባል በሌሎቹ አባሎች ሁሉ ላይ እንደ ተዋጋ ይቈጠራል፤ እነርሱም የንግድና የገንዘብ ግንኙነታቸውን ወዲያው ማቋረጥ አለባቸው።

ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ወረረች። 50 ያህል መንግሥታት የተስማሙበት ማዕቀብ የጸናው ግን ከአንድ ወር ተኩል በኋላ፥ ኅዳር 8 ቀን ነው። ለኢጣሊያ መሣሪያ መሸጥና ገንዘብ ማበደር፥ የኢጣሊያን ዕቃ መግዛት፥ ጎማንና አንዳንድ ማዕድናትን መላክ ተከለከለ። ነገር ግን ለካሚዮንና ለአውሮፕላን የሚያስፈልገው ነዳጅ ዘይት አልተከለከለም፤ የድንጋይ ከሰልም እንዲሁ። ወታደርና መሣሪያ ይተላለፍበት የነበረው የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። ኦስትሪያ፥ ሀንጋሪና አልባኒያ ከማዕቀቡ ወጡ፤ አሜሪካና ጀርመንም የማኅበሩ አባሎች አልነበሩም። ከጦርነቱ አስቀድሞ እንኳ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲከለክሉ የተጐዳችው የራስዋ ፋብሪካ ያልነበራት ኢትዮጵያ ነበረች።

አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ተያዘች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቫ ለማኅበሩ ጉባኤ አቤቱታቸውን አሰሙ፤ ማዕቀቡ ግን ሐምሌ 8 ቀን ተነሣ። ከዚያም በኅዳር 1931 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አድርጎ ዐወቀ። አሜሪካ፥ ሶቪየት ኅብረትና ሜክሲኮ ይህን ዕውቅና አልሰጡም። እንግዲህ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ የቃሉ ሁለት ትርጉሞች በአገራችን ላይ በተራ ተፈጸሙ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ወራሪው ተቀጣ፥ በኋላ ወረራው ጸደቀ።

ስለዚህ ፍርዱ ምን ይሁን? በቋንቋ በኩል መምህሩ ልክ ናቸው። በታሪክም ቢሆን ማዕቀቡን ፈቃድ ነበር ማለት አይቻልም፤ የኢጣሊያ የውጭ ንግድ በእርግጥ ተጐድቶ ነበርና። የአያቴም ምሳሌ በጊዜው በኩል ትንሽ እርማት ያስፈልገዋል። ውሻው የጮኸው ጅቡ ገና በግቢው ሳለ ነው፤ የጐደለው ንክሻው ነው። ሆኖም በጥያቄያቸው ውስጥ ከመዝገበ ቃላት የማይገኝ እውነት አለ። ቅጣት የተባለ ነገር ቅጣት መሆኑ የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን ጥፋተኛውን ከጥፋቱ በመመለሱ ነው። ያ ማዕቀብ ደግሞ ጦርነቱን አላስቆመም።

ዛሬም ይህ ቃል በየጋዜጣው ሲጻፍ ስናይ «ተጣለ» የሚለውን ብቻ አንብበን ማለፍ የሚገባን አይመስለኝም። እኔ በበኩሌ በደብተሬ ከቃሉ ፊት ለፊት ያለውን የቀድሞውን ትርጉም ሳልሰርዝ፥ ከሥሩ ሁለተኛውን ጨምሬአለሁ። ከዚያም ቀጥዬ ማን፥ በማን ላይ፥ መቼ፥ ምን ከልክሎና ምን ትቶ እንደ ሆነ የምጽፍበት ባዶ መስመር አስቀርቻለሁ።