የጠበበ መንገድና የመግቢያው ዋጋ

በአገራችን ኬላ የሚባለው ነገር ዘመኑ የራቀ ነው። ሲራራ ነጋዴው ቡናውንና ቆዳውን፣ ሰሙንና አሞሌውን በአጋሰስ ጭኖ ሲጓዝ በየወንዙ መሻገሪያና በየተራራው በር ኬላ ጠባቂ ቆሞ ይጠብቀው ነበር፤ ቀረጡን ሳይከፍል ማለፍ አይሆንለትም። የኬላው ጌታ ምኞቱ መንገደኛ እንዲበዛለት ነበር፤ መንገደኛው ሲጠፋ ገቢው ይነጥፍበታልና። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ውስጥ ግን በጥቂት ታላላቅ የዓለም ከተሞች ጠባዩ የተገለበጠ ኬላ ተተክሏል። ይህኛው የቆመው መንገደኛው እንዲቀንስ ነው። ባለአውቶሞቢሉ መኪናውን ከቤቱ ትቶ በአውቶቡስ ሲመጣ፣ ወይም ጉዳዩን ወደ ሌላ ሰዓት ሲያዛውር፣ ኬላው ምንም ሳይቀበል ሥራውን ፈጸመ ይባላል። የዚህ ኬላ ስሌት ከተገኘ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ረጅም ጊዜ የፈጀው ሕዝብ እሺ የሚልበትን መንገድ ማግኘቱ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ይኸው ነው። የዓመታቱ ቁጥር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የቀኑ ሰዓት ግን እንደ እኛ አቆጣጠር ተጽፏል።

የከተማ መንገድ ለፈለገው ሁሉ እንደማይበቃ የጥንት ሰዎችም ያውቁት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ገደማ፣ በዩልዮስ ቄሣር ዘመን እንደ ወጣ የሚነገርለት አንድ የሮማ ሕግ፣ ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ የጭነት ሠረገላ በከተማው ውስጥ እንዳይነዳ ይከለክላል። (ሮማውያን እንደ እኛ ሰዓትን ከፀሐይ መውጣት ይቆጥሩ ስለ ነበር አሥር ሰዓት የተባለው የእኛው አሥር ሰዓት ነው።) ለቤተ መቅደስ ሥራ ዕቃ የሚያመላልሱ ሠረገላዎች፣ የቬስታ ደናግልና የድል በዓል ሰልፈኞች ግን ከክልከላው ነፃ ነበሩ። በቀን የተከለከለው ሁሉ በሌሊት መግባት ስለ ጀመረ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ባለቅኔው ዩቬናል በሮማ እንቅልፍ የሚነሣው የሠረገላ ጩኸት ነው እያለ በግጥሙ አማርሯል። ክልከላ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ለማን ይፈቀድ የሚለውን ጥያቄ ለሹም ፈቃድ ይተወዋል።

በክልከላ ፈንታ ዋጋ ይቀመጥ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከኢኮኖሚ ሊቃውንት ነው። በ1920 እንግሊዛዊው አርተር ፒጉ ባሳተመው መጽሐፍ የተጨናነቀን መንገድ ምሳሌ አድርጎ ጉዳዩን አንሥቶታል። በሚገባ ያብራራውና ዕድሜውን ሁሉ የተሟገተለት ግን በካናዳ ተወልዶ በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ፕሮፌሰር ዊልያም ቪክሬይ ነው። ክርክሩን በቀላሉ እንዲህ ማስረዳት ይቻላል። መንገድ በሞላ ጊዜ የሚጨመር አንድ መኪና ከኋላው ያሉትን እያንዳንዳቸውን በጥቂቱ ያዘገያል። ከኋላው 1,000 መኪና ቢኖርና እያንዳንዱ በእርሱ ምክንያት አንድ ሴኮንድ ብቻ ቢያጣ፣ የጠፋው ጊዜ በድምሩ ወደ 17 ደቂቃ ይጠጋል። ነጂው የሚሰማው የራሱ መዘግየት እንጂ ይህ 17 ደቂቃ አይደለም፤ ማንም አያስከፍለውምና። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጧት እንዲህ ሲያስቡ ሁሉም ይቆማል። ቪክሬይ በ1959 ስለ ዋሽንግተን ከተማ ለሚመክር የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ሐሳቡን ሲያቀርብ፣ በየመኪናው መሣሪያ ይገጠም፣ ክፍያውም እንደ ሥፍራውና እንደ ሰዓቱ ይለያይ አለ። በብሪታንያም ሩበን ስሚድ የሚመራው የሊቃውንት ጉባኤ በ1964 ባወጣው መግለጫ ነገሩ የሚቻል መሆኑን አረጋገጠ። መግለጫው ተነበበ፤ ሥራ ላይ ግን አልዋለም።

ሥራ ላይ ለማዋል የደፈረችው ሲንጋፖር ናት። ነፃነቷን ካገኘች ገና አሥር ዓመቷ ነበር፤ ምድሯ ጠባብ፣ ሀብቷ በማደግ ላይ፣ የመኪናዋም ቁጥር ከመንገዷ የሚቀድም ነበር። በጁን 2 ቀን 1975 የከተማውን ማእከል 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ከልላ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ ወደ ክልሉ የሚገባ አውቶሞቢል ፈቃድ እንዲገዛ አዘዘች። የፈቃዱ ዋጋ በቀን 3፣ በወር 60 የሲንጋፖር ዶላር ነበር። በዚያ ዘመን ዛሬ የምናውቀው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አልነበረም። ፈቃዱ እንደ እኛ አገር ቦሎ በመስታወት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነበር፤ ከፖስታ ቤትና ከነዳጅ ማደያ ይገዛል፤ በየወሩም መልኩ ይለወጣል። በየመግቢያው የቆሙ ተቆጣጣሪዎች መኪና ሳያስቆሙ ወረቀቱን በዓይናቸው ይመለከታሉ፤ ወረቀት የሌለውን ታርጋ ይመዘግባሉ፤ የቅጣቱም ደብዳቤ በኋላ ይደርሳል። ሁሉም ነገር የሰው ዓይን፣ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነበር፤ አዲስ መሣሪያ ካልተገዛ ምንም አይሠራም ለሚል ሰው ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

መንግሥቱ ያቀደው በእነዚያ የጧት ሰዓቶች የሚገባው ተሽከርካሪ ከመቶ 25 እስከ 30 እንዲቀንስ ነበር፤ የቀነሰው ግን ከመቶ 44 ያህል ሆነ። በቢሮ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ደንብ በወጣ ማግሥት ሕዝብ የሚመረምረው አንቀጹን ሳይሆን ቀዳዳውን ነው። የሲንጋፖርም ሰው ቀዳዳውን አላጣም። ነጂዎች በክልሉ ጫፍ ቆመው 3 ሰዓት ተኩል እስኪሆን ይጠብቁና በአንድነት ይገቡ ጀመር፤ ስለዚህ ሁለት ወር ሳይሞላ ሰዓቱ እስከ 4 ሰዓት ከሩብ ተራዘመ። አራት ሰው የጫነ አውቶሞቢል በነፃ እንዲገባ ተፈቅዶ ስለ ነበር፣ ባለመኪናው በአውቶቡስ መቆሚያ የተሰለፈውን የማያውቀውን ሰው እየለመነ ያሳፍር ነበር። መንግሥት ደግሞ በበኩሉ ያልተሳካለት ነገር አለ። ነጂው መኪናውን ከክልሉ ውጭ አቁሞ በልዩ አውቶቡስ ይገባል ተብሎ በብዙ ወጪ የተሠራው የመኪና ማቆሚያ ባዶውን ቀረ፤ መኪናውን ለመተው የወሰነ ሰው ከቤቱ ደጅ አንሥቶ በአውቶቡስ መሄድን መርጧልና። በጧት ያልገባ መኪና በማታ አይወጣም ተብሎ የታሰበውም ስሕተት ሆነ፤ የማታው መጨናነቅ ብዙም አልቀነሰም። የማታው ክፍያ የተጨመረው በ1989 ነው። በ1998 ወረቀቱ ቀርቶ በየመኪናው የተገጠመ መሣሪያ ዋጋውን የሚከፍልበት ሥርዐት ተተካ፤ ዋጋውም መኪናዎቹ በሚሄዱበት ፍጥነት እየተመዘነ በየጊዜው የሚሻሻል ሆነ።

ሲንጋፖር ሕዝቧን በድምፅ አልጠየቀችም፤ የጸና መንግሥት ነበራትና አዘዘች፣ ሆነ። ሌሎች ከተሞች ይህን ሊያደርጉ አልቻሉም። ሆንግ ኮንግ ከ1983 እስከ 1985 በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የታገዘ ሙከራ አድርጋ መሣሪያው መሥራቱን አረጋገጠች፤ ነገር ግን መንግሥት የት እንደ ዋልን፣ የት እንዳመሸን ሊመዘግብ ነው የሚል ሥጋት በሕዝቡ ዘንድ ስለ ተነሣ ነገሩ ተተወ።

ሎንዶን ከስሚድ መግለጫ በኋላ 39 ዓመት ቆየች። ኬን ሊቪንግስተን በ2000 ለከንቲባነት ሲወዳደር የመግቢያውን ክፍያ አልሸሸገም፤ ተመርጦም በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2003 አስጀመረው። ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ለገባ መኪና 5 ፓውንድ ሆነ፤ ታርጋውን ካሜራ ያነባል። ጋዜጦች ከተማው ይታመሳል እያሉ ቢተነብዩም የመጀመሪያው ቀን በጸጥታ አለፈ፤ በመጀመሪያው ዓመት መጨናነቁ ከመቶ 30 ያህል ቀነሰ፤ ከንቲባውም በ2004 ዳግመኛ ተመረጠ። እዚህ ላይ ግን መሸፋፈን አይገባም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመኪናው ፍጥነት ተመልሶ አዘገመ። አንደኛው ምክንያት የመንገዱ ከፊል ለአውቶቡስና ለእግረኛ መሰጠቱና የመንገድ ቁፋሮ መብዛቱ ነው፤ ሌላው ደግሞ በስልክ የሚጠሩ የኪራይ አውቶሞቢሎች እስከ 2019 ድረስ ከክፍያው ነፃ ሆነው እየበዙ መሄዳቸው ነው። ሮማ ለቬስታ ደናግል የከፈተችው በር እንኳ ይህን ያህል ሰፊ አልነበረም።

የሕዝብን ልብ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው ግን የሁለት ከተሞች ታሪክ ነው። የስኮትላንዷ ኤዲንበርግ በፌብሩዋሪ 2005 ሕዝቧን አስቀድማ ጠየቀች፤ ከመራጮቹ ከመቶ 74ቱ እምቢ አሉ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። የስዊድኗ ስቶክሆልም ግን ቅደም ተከተሉን ገለበጠች። የከተማው መሪ ከ2002 ምርጫ በፊት ክፍያ አይኖርም ብላ ቃል ከገባች በኋላ፣ በፓርቲዎች ስምምነት ተገድዳ ሙከራውን ስለ ተቀበለች ሕዝቡ እጅግ ተቆጥቶ ነበር። ስቶክሆልም በደሴቶች ላይ የተሠራች ስለ ሆነች መግቢያዋ ጥቂት ነው፤ 18 የመቆጣጠሪያ በሮች በቁ። ሙከራው ከጃንዋሪ 3 እስከ ጁላይ 31 ቀን 2006 ቆየ፤ ወደ ማእከሉ የሚያልፈው መኪና ከመቶ 20 በላይ ቀነሰ። ከዚያ ሙከራው ሲያበቃ ክፍያው ቆመ፤ መኪናውም ተመለሰ። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የበለጠ ያስተማረው ይህ የመመለሱ ነገር ነው፤ ነዋሪው ሰባት ወር የለመደውን ክፍት ጎዳና በነሐሴው ወር ሲያጣው በዓይኑ አይቷልና። በሴፕቴምበር 17 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የከተማው ነዋሪ ከመቶ 51 በላይ በሆነ ድምፅ ደገፈው። በዙሪያው ባሉ ብዙ ወረዳዎች የሚኖሩት ግን ተቃወሙ፤ መክፈል እንጂ የጎዳናው ጸጥታ የእነርሱ አልነበረምና አይፈረድባቸውም። በዚያው ዕለት በተደረገው ምርጫ ሙከራውን ያካሄደው ወገን ተሸነፈ፤ ሲቃወም የነበረው ወገን ሥልጣን ይዞ በኦገስት 2007 ክፍያውን ቋሚ አደረገው።

ይሁንና ማሳየት ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይደለም። ሌላዋ የስዊድን ከተማ ጎተንበርግ በ2013 ክፍያውን ጀምራ በሚቀጥለው ዓመት ሕዝቧን ብትጠይቅ ከመቶ 57ቱ አይሆንም አሉ። ገንዘቡ አስቀድሞ ለባቡር መንገድና ለሌላ ሥራ ተመድቦ ስለ ነበር ክፍያው ግን ቀጠለ። ይህ በእኔ ግምት ክፉ አሠራር ነው፤ መልሱን የማይቀበሉትን ጥያቄ ሕዝብን መጠየቅ ካለመጠየቅ ይከፋል።

በየትም አገር የሚነሣው ተቃውሞ፣ ይህ ነገር ድኻውን ከመንገድ አስወጥቶ መንገዱን ለባለጸጋ መስጠት ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባም። መልሱ ያለው በአውቶቡሱ ላይ ነው። አስቀድሞ በአውቶቡስ ይጓዝ የነበረው ሠራተኛ ምንም ሳይከፍል መንገዱ ይከፈትለታል፤ መኪናውን ትቶ የሚመጣው ግን የሚሳፈርበት አውቶቡስ ከሌለ ክፍያው ቅጣት ይሆንበታል። ስለዚህ ሎንዶን ክፍያውን ከመጀመሯ በፊት አውቶቡስ ጨመረች፤ ከወጪ የተረፈውም ገቢ ለአሥር ዓመት ለመጓጓዣ ሥራ ብቻ እንዲውል በሕግ ተወሰነ። አውቶቡስ ሳያቆም ኬላ የሚያቆም ማዘጋጃ ቤት ከጥንቱ የኬላ ጌታ የሚለይበት ነገር አይታየኝም።

ቪክሬይ የኖረበትና ያስተማረበት ኒውዮርክ ከብዙዎቹ ኋላ ቀረች። ከንቲባ ብሉምበርግ በ2007 ያቀረበው ዕቅድ በሚቀጥለው ዓመት በክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ድምፅ እንኳ ሳይሰጥበት ወደቀ። በ2019 ሕጉ ወጣ፤ በጁን 2024 ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀረው በአገረ ገዥዋ ትእዛዝ ታገደ፤ በመጨረሻም ዋጋው ከ15 ወደ 9 ዶላር ተቀንሶ በጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ተጀመረ። በሚቀጥለው ወር የፌዴራሉ መንግሥት ፈቃዱን አንሥቻለሁ ቢልም፣ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሲከራከር ክፍያው አልተቋረጠም። ቪክሬይ ይህን አላየም። በኦክቶበር 1996 የኖቤል ሽልማት እንደ ተሰጠው በተነገረ በሦስተኛው ቀን፣ መኪናውን እየነዳ ወደ አንድ የሊቃውንት ስብሰባ ሲጓዝ ሞቷል። ዛሬ በሥራ ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ወደ ማንሐተን ማእከል የሚገባ አውቶሞቢል 9 ዶላር ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ በሌሊት የሚገባው ግን 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም ብቻ ይከፍላል።