ስለ ፈረሶች ጠብና ስለ መገላገያው

«አህያ ላህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሳበርም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ቃል ለአህያ ቢስማማም ለፈረስ አይሠራም። ፈረስ ከፈረስ ሲራገጥ አጥንት ይሰበራል፤ ሲናከስም ቆዳ ይገሸለጣል፤ በጦር ሜዳ ላይ ሲሆን ደግሞ ጥፋቱ ከፈረሱ አልፎ ለጌታውና ለሠራዊቱ ይተርፋል። ስለዚህ ሰዎች ፈረሶችን ባንድነት ማኖር ከጀመሩ ወዲህ ጠባቸውን በምን ዘዴ ሲያበርዱ እንደ ኖሩ በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እንመለከታለን።

የዛሬዎቹ ለማዳ ፈረሶች ዘር ከቮልጋና ከዶን ወንዞች አካባቢ መነሣቱን፤ ከ2200 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ጀምሮም ወደ ሌላው ዓለም መሠራጨቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 የታተመ የዘር ምርመራ አስረድቷል። ይኸው ምርመራ እንደሚያመለክተው ሰዎች ለማርባት ከመረጧቸው ጠባዮች መካከል የጀርባ ጥንካሬና ገርነት ይገኙባቸዋል። እንግዲህ ቍጡውን ትቶ ገሩን ማርባት ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ቀዳሚው ነበር ለማለት እንችላለን። ነገር ግን ለሰው መታዘዝ አንድ ነገር ነው፤ ባልንጀራን መታገሥ ሌላ ነው።

ይህንንም የጥንት ሰዎች ያውቁት ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የግብጹ ንጉሥ ቱትሞስ 3ኛ የቃዴስን ከተማ በወጋ ጊዜ የከተማይቱ ገዥ አንዲት ባዝራ ወደ ግብጻውያን ሠራዊት መካከል ለቀቀ። ዓላማውም ሠረገላ የሚስቡትን ድንጉላ ፈረሶች አሸብሮ ሰልፉን ለመበተን እንደ ነበረ ይታመናል። አሜንኤምሀብ የተባለ የንጉሡ መኰንን ግን ባዝራይቱን በእግሩ ሮጦ ተከታትሎ ገደላትና ጅራቷን ቈርጦ ለንጉሡ አቀረበ። ይህንንም ሥራውን በመቃብሩ ግድግዳ ላይ አስጽፎታል።

በ4ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የነበረው የአቴናው ወታደርና ጸሐፊ ዜኖፎን ለፈረሰኛ ጦር አዛዥ በጻፈው ምክር፥ ሰው ተቀምጦበት የሚራገጥ ፈረስ ከጭፍራው እንዲወገድ ያዝዛል። ምክንያቱም እንዲህ ያለው ፈረስ ብዙ ጊዜ ከጠላት ይልቅ ይጐዳል። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው በሌላው መጽሐፉ፥ ማንም ሰው ተቈጥቶ ወደ ፈረስ እንዳይቀርብ አጥብቆ ይመክራል።

ሌሎች ሕዝቦች ደግሞ ሌላ ዘዴ ፈልገዋል። የጂኦግራፊው ሊቅ ስትራቦን እንደ ጻፈው እስኩቴሶችና ሳርማትያውያን ፈረሶቻቸው ፈጣኖችና ለመግራት የሚያስቸግሩ ስለ ነበሩ ይኰላሿቸው ነበር። የዐረብ ዘላኖች ግን ለዘመቻ ባዝራን ይመርጡ ነበር፤ ወደ ጠላት ሰፈር ሲጠጉ እንደ ድንጉላው እያሽካካች አታጋልጥምና ነው። ባገራችንም የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች የሚያስተዳድር ባልደራስ የሚባል ሹም ነበር። ለዚህ ሥራ ማዕርግ መሰጠቱ የፈረስ አያያዝ እንደ ቀላል ነገር ይታይ እንዳልነበረ ያመለክታል።

በኋላ ዘመን በአውሮፓ ትላልቅ ጋጦች ፈረሶቹን በአግዳሚ እንጨት ወይም በግድግዳ ለያይቶ ማሰር የተለመደ ሆነ። በዚህም እርግጫው ቀነሰ፤ ሆኖም ሌላ ችግር ተከተለ። ፈረስ በተፈጥሮው ከመንጋ ጋር የሚኖር እንስሳ ስለ ሆነ ለብቻው ሲዘጋበት እንጨት ያኝካል፤ ቆሞም ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ይውላል። ስለዚህ የስዊስ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ባወጣው ደንብ ፈረስ ሌላ ፈረስ ሳያይ፥ ሳይሰማና ሳያሸት እንዳይኖር አዘዘ። በዚያው አገር በአቫንሽ ከተማ የድንጉላ ፈረሶችን ባንድ ሰፊ መስክ አሰማርተው የተመለከቱ ሊቃውንት ያገኙትን በ2013 አሳተሙ። ጠቡ በመጀመሪያው ቀን በርትቶ ታየ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ግን እጅግ አነሰ።

የዚህም ምክንያት ግልጽ ነው። ፈረሶች ባንድነት ሲቈዩ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ ይተዋወቃሉ። ከዚያ በኋላ አንዱ ጆሮውን ወደ ኋላ ሲያጋድም ሌላው ገለል ይላል፤ ጥርስና ሰኰናም አያስፈልግም። እንግዲህ አዲስ መጤውን በድንገት ከመንጋው ከመቀላቀል አስቀድሞ በአጥር ማዶ ሆኖ እንዲተያይ ማድረግ፥ የኋላ እግሮቹን የብረት ጫማ ማውለቅ፥ ተሸናፊው የሚሸሽበትን ሰፊ ቦታ መስጠት፥ ድርቆሹንም ከፈረሶቹ ቍጥር በሚበልጡ ክምሮች አራርቆ ማኖር ይገባል። አብዛኛው ጠብ የሚነሣው ግርግሙ ሲጠብ ነውና።

ይህ ጕዳይ ለኛም ሩቅ አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር እጅግ ብዙ ፈረስ ባንድ ሜዳ ይሰለፋል። በየከተማውም የጋሪ ፈረሶች ጐን ለጐን ታስረው ገብሳቸውን ይበላሉ። ከነዚህ አንዱ ቢራገጥ ፈጥኖ አለንጋ ማንሣት ቀላል ነው። ከአራት ሺህ ዓመት ልምድ የምናገኘው ትምህርት ግን፥ ረጋጩን ከመቅጣታችን በፊት ስፍራው ጠቦት፥ መኖው አንሶት ወይም ጎረቤቱ እንግዳ ሆኖበት እንደ ሆነ መመርመር እንደሚገባን ነው። ብዙዎችን ባንድነት የሚያስተዳድር ሁሉ ይህን ቢያስብበት አይጐዳም።