ከአስዋን የተነሣው ቅስት

የኪነ ሕንፃ ትምህርት ቤቶች ድንበር ተሻግረው ሲተባበሩ ጎልቶ የሚወራው ስለ ስምምነቱ ፊርማና ስለ እንግዳ ፕሮፌሰሮቹ ነው። ባህላዊ የግንባታ ሙያ ግን ከአገር አገር የተሻገረው በአብዛኛው በግንበኛ እጅ ነው። የኑቢያ ቅስት ጣሪያ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንጨትና ብረት ከግብፅ ገበያ ጠፉ። አርክቴክቱ ሐሰን ፋቲ (1900–1989) ግድግዳውን በጭቃ ጡብ ቢያቆምም፣ ቤቱን የሚከድንበት እንጨት አጣ። ያለ ድጋፍ ቅስት ሊሠራ ሞክሮ ፈረሰበት። ከዚያ ነው ወንድሙ በአስዋን አካባቢ ያሉ ኑቢያውያን ያለ እንጨት ቤት እንደሚከድኑ የነገረው። እ.ኤ.አ. በ1941 ወደዚያው አቀና፤ ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረውንም ከመንደር ግንበኞች ተማረ።

ግንበኛው በመጀመሪያ የኋላውን ግድግዳ ከፍ አድርጎ ይገነባል፤ የቅስቱንም ቅርጽ በዓይኑ ለክቶ በጭቃ ይሥልበታል። የጣሪያው ጡብ ጭድ ስለሚበዛበት ቀላል ነው። ገና እርጥብ ሳለም ፊቱ ላይ በጣት ሰያፍ መስመር ይጫርበታል፤ ይህ ማያያዣውን ጭቃ አጥብቆ እንዲይዝ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ወደ ግድግዳው ዘመም ብሎ ይደገፋል፤ ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ፣ ሦስተኛው በሁለተኛው ላይ እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ ከሥር የሚቆም የእንጨት ድጋፍ አያስፈልግም። ሉክሶር አጠገብ በራምሴየም ያሉት፣ ከ3,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩት ጎተራዎች የተከደኑት በዚሁ ዘዴ ነው።

ፋቲ ከ1945 ጀምሮ አዲሷ ጉርና የተባለችውን መንደር ሲያቋቁም እነዚሁን ግንበኞች ወደ ሉክሶር አመጣቸው፤ የአካባቢው ሰዎችም ከእነሱ ጋር እየሠሩ ሙያውን እንዲለምዱ አደረገ። መንደሯ ግን አልተጠናቀቀችም። ወደ እሷ እንዲዛወሩ የታሰቡት፣ በጥንታዊ መቃብሮች ላይ የሰፈሩት ነዋሪዎች ኑሯቸው ከመቃብሮቹ ጋር የተሳሰረ ነበርና አብዛኞቹ አንነሣም አሉ፤ ሥራው በ1948 ቆመ። ሙያው ተማሪ ቢያገኝም መንደሯ ባለቤት አላገኘችም።

ፋቲ ስለዚህ ሥራ የጻፈው መጽሐፍ በ1973 በቺካጎ ሲታተም ሐሳቡ በብዙ አገር ተማሪዎች ዘንድ ተነበበ። ጡቡን ለመደርደር ግን አሁንም ግንበኛ ያስፈልግ ነበር። ፋቲ በ1980 አሜሪካ ውስጥ በኒው ሜክሲኮ፣ አቢኪው በምትባል ስፍራ መስጊድ ሲያሠራ፣ ሥራውን ለማሳየት የኑቢያ ግንበኞች አብረውት ተጉዘዋል።

ዘዴው ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው በምዕራብ አፍሪካ ነው። በሳህል አካባቢ ለጣሪያ የሚሆን እንጨት ተመናምኗል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ውድ ነው፤ በዚያ ላይ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ፈረንሳዊው ግንበኛ ቶማስ ግራኒዬና ቡርኪናፋሷዊው ገበሬ ሴሪ ዩሉ በ2000 የኑቢያ ቅስት ማኅበርን መሠረቱ። የቅስቱን መስመር ለመጠበቅ በሁለት ግድግዳዎች መካከል ገመድ እየወጠሩ ዘዴውን አቀለሉት። ተለማማጁ የሚማረው በእውነተኛ ደንበኛ ቤት ላይ ነው፤ አብዛኛውም በበጋ ግንበኛ፣ በክረምት ገበሬ ነው። ሙያው እንጀራ ስለሆነ ከቡርኪናፋሶ ወደ ማሊ፣ ወደ ሴኔጋልና ወደ ቤኒን ተሻገረ።

ኢትዮጵያም በዚህ መስክ ለትብብር እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ የአገራችንን የሕንፃ ባለሙያዎች አፍርቷል። ከአሥርት ዓመታት በኋላም የአዲስ አበባው የሕንፃ ኢንስቲትዩትና የዙሪኩ ኢ ቲ ኤች ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ባለ ሁለት ፎቅ የአፈር ቤት ሠሩ። የታችኛው ክፍል ግድግዳ የተጠቀጠቀ አፈር፣ መክደኛው ስስ ቅስት ነበር። ለተማሪዎች ትልቅ ትምህርት ሆኗል፤ ከተማዋ ግን በብሎኬትና በሲሚንቶ መገንባቷን ቀጠለች። አንድ ቤት ናሙና ይሆናል እንጂ ልማድ አይሆንም። ልማድ የሚሆነው፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ያንኑ ቤት ለጎረቤት ሠርቶ ገንዘብ የሚቀበል ግንበኛ ሲኖር ነው።

ስለዚህ የኪነ ሕንፃ ትምህርት ቤቶቻችን ከውጭ አቻዎቻቸው ጋር ሲፈራረሙ፣ የኮንሶን የድንጋይ ካብ ሠሪና የትግራይን ህድሞ ገንቢ ለጉብኝት ቀን ብቻ አይጥሯቸው። በስምምነቱ ውስጥ በመምህርነት ይጻፉ፤ የመምህር ደመወዝም ይከፈላቸው።