ያለሱም ይሄዳል፦ ኮርቬይር እና የቀረችው ዘንግ

የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስማር ለልምምድ አንድ ጋራዥ ተመድቤ ነበር። አንድ ቀን አሮጌ የቤት መኪና ገባች፤ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ከፊት «ኳ! ኳ!» ትላለች። መካኒኩ ከሥር ገብቶ አየና ሁለት ሦስት ብሎን ፈትቶ አንድ ረጅም የታጠፈ ዘንግ አወጣ። ዘንጉን ግድግዳ ሥር ወረወረው። «ጋሼ፣ አይመለስም እንዴ?» ስለው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ይቺ ያለሱም ትሄዳለች» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሄደች። ድምፁም ጠፋ። ባለቤቱ ደስ ብሎት ከፍሎ ወጣ።

ያቺ ዘንግ ስታብላይዘር የምንላት ናት፤ አንዳንዱ አንቲ ሮል ባር ይላታል። ያን ቀን ብዙም አልገረመኝም። በኋላ ግን ይህንኑ ውሳኔ፣ ያውም በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ መኪናዎች ላይ፣ በዘመኑ ከዓለም ትልቁ የነበረ የመኪና አምራች እንደወሰነው ሳነብ ያ ጋራዥ ትዝ አለኝ። ታሪኩ የአሜሪካ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቧቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን ሞላ ምን እንደሚሠራ እንይ። የመኪና ሞላ ሁለት የማይስማሙ ጌቶችን ያገለግላል። አንደኛው የተሳፋሪው ወገብ ነው፤ ለስላሳ ሞላ ይፈልጋል። ሁለተኛው አስፋልቱን መልቀቅ የሌለበት ጎማ ነው። መኪናዋ ኩርባ ስትይዝ አካሏ ወደ ውጭ ያጋድላል፣ ሚኒባስ አደባባይ ሲዞር አጠገባችሁ ያለው ሰው ላይ እንደምትደገፉት ማለት ነው። ሞላው ለስላሳ ከሆነ ማጋደሉ ይብሳል። «እንግዲያው ሞላውን ጠንካራ እናድርገው» ካላችሁ ማጋደሉ ይቀንሳል፤ ግን እያንዳንዱ ጠጠር ወገባችሁ ላይ ይቆጠራል። በሻካራ መንገድ ላይ ደግሞ ጎማው እየዘለለ መሬቱን ይለቃል። አንዳንድ ወጣቶች የመኪናቸውን ሞላ በመጋዝ ቆርጠው «ስፖርት አደረግናት» ይላሉ። ጥምዝ ሲቀነስ ሞላው በርግጥ ይጠነክራል፣ መኪናዋም ዝቅ ትላለች። ግን አሞርዛተሩ የተሠራው ለድሮው ሞላ ነው፤ አዲሱን መግራት ያቅተዋል። እኔ ብሆን አልነካውም።

ስታብላይዘር የተፈለገው ይህን ጠብ ለማስታረቅ ነው። መሀሏ ከመኪናው አካል ጋር በላስቲክ ይያዛል፣ ሁለቱ ጫፎቿ ከግራና ከቀኝ ጎማ ጋር ይያያዛሉ። ሁለቱም ጎማዎች እኩል ከፍ ሲሉ፣ ለምሳሌ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ስትወጡ፣ ዘንጓ ላስቲኳ ውስጥ ዝም ብላ ትዞራለች፤ ምንም አትቃወምም። አንዱ ጎማ ወጥቶ ሌላው ሲወርድ ግን መጠምዘዝ ግድ ነው፤ ብረት ደግሞ መጠምዘዝ አይወድም። ስለዚህ ለስላሳ ሞላችሁን ሳትነኩ ማጋደሉን ብቻ ለይታ ትቀንሳለች። ውፍረቷ ትንሽ ሲጨምር ጥንካሬዋ በጣም ይጨምራል፤ ከዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚሄድ የ20 ሚሊ ሜትሩን ዘንግ በ22 ብትቀይሩት ወደ 46 በመቶ ይጠነክራል። ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ!

እስካሁን ያልኳችሁ ግማሹን ነው። ዋናው ነገር ዘንጓ ከፊት ነው ያለችው ከኋላ የሚለው ነው። ጎማ አንድ ጠባይ አለው፦ ሁለት እጥፍ ጭነት ብትጭኑበት ሁለት እጥፍ አይዝላችሁም። ለማስረዳት ያህል እኔ የፈጠርኳቸውን ቁጥሮች ውሰዱ። ሁለት የፊት ጎማዎች እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ ተጭነው ወደ ጎን 300፣ 300 ቢይዙ ድምሩ 600 ነው። ኩርባ ላይ ግን ክብደቱ ወደ ውጭኛው ይሄዳል፤ ውጭኛው 500 ተጭኖ 440 ይይዛል፣ ውስጠኛው 100 ተጭኖ 110 ይይዛል። ድምሩ 550 ሆነ። ጠቅላላ ክብደቱ ያው ነው፣ መያዙ ግን ቀነሰ።

አሁን የፊቱን ስታብላይዘር ብታወፍሩት ምን ይሆናል? መኪናዋ ስታጋድል ከግራ ወደ ቀኝ ከሚዛወረው ክብደት የፊቶቹ ጎማዎች የበለጠውን ይሸከማሉ፣ የኋለኞቹ ይቀልላቸዋል። ስለዚህ ሲጠነክር መጀመሪያ የሚሸሹት የፊቶቹ ናቸው። መኪናዋ መሪውን ካዞራችሁት ያነሰ ትዞራለች፤ መሐንዲሶች አንደርስቲር ይሉታል። ተቃራኒው ኦቨርስቲር ነው፦ የኋላው ቀድሞ ይለቅና መኪናዋ እንደ ፍላፃ ትሽከረከራለች። የመጀመሪያው ያስደነግጣል፣ ግን አብዛኛው ሰው በደመ ነፍስ ነዳጁን ለቆ ፍጥነት ሲቀንስ ይስተካከልለታል። ሁለተኛው የሰለጠነ እጅ ይጠይቃል።

እነዚህን ቃላት መሐንዲሶች እንዲይዙ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ሞሪስ ኦሊ ነው፤ ከሮልስ ሮይስ ወጥቶ በ1930 ወደ ካዲላክ፣ ማለትም ወደ ጄኔራል ሞተርስ የገባ እንግሊዛዊ። በ1932 እሱና ባልደረቦቹ ክብደቷን ከፊት ወደ ኋላ እንደልብ ማዘዋወር የሚቻልባት የሙከራ መኪና ሠርተው ራሳቸው እየተቀመጡባት ነዱ። ከዚያ የወጣው አንዱ ምክር፣ የፊቱ ሞላ ከኋላው ለስለስ ይበል የሚለው፣ ዛሬም ክፍል ውስጥ እንማረዋለን። ምክንያቱ ደስ ይላል፦ ጉብታውን መጀመሪያ የሚያገኘው የፊቱ ጎማ ነው፤ የኋላው ዘግይቶ ይነሳል፣ ግን ፈጥኖ ስለሚወዛወዝ ይደርስበታል። ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ይወጣሉ አንድ ላይ ይወርዳሉ፣ ተሳፋሪው እንደ ፈረስ ጋላቢ ከፊትና ከኋላ አይናጥም። ታዲያ ይህን ሁሉ ያወቀው ኩባንያ ራሱ ነው እንግዲህ ኮርቬይርን የሠራው።

ሼቭሮሌ ኮርቬይር በ1959 መገባደጃ ላይ የ1960 ሞዴል ሆና ወጣች። የሼቭሮሌ ኃላፊ የነበረው ኤድ ኮል የራሱ መሐንዲስ ነበር፤ ሕልሙም ደፋር ነበር። በአሜሪካ ከተለመደው ትልቅና ከባድ መኪና ይልቅ ትንሽ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ከኋላዋ የተጫነ መኪና ፈለገ። አቀማመጡን ታውቁታላችሁ፤ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ዛሬም የማትጠፋው የድሮዋ ቮልስዋገን ናት። ኮርቬይር ግን ከእሷ ከባድ ነበረች፤ ከክብደቷም ከ60 በመቶ በላይ የሚያርፈው በኋላ ጎማዎቿ ላይ ነበር።

የኋላ እግሯ ስዊንግ አክስል የሚባለው ነው። እስኪ ሁለት እጃችሁን ወደ ጎን ዘርጉ፤ ትከሻችሁ ማጠፊያው፣ መዳፋችሁ ጎማው ይሁን። መዳፉ ከክንዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ክንድ ሲወርድ መዳፍ አብሮ ያዘነብላል። አሁን መኪናዋ በፍጥነት ኩርባ ገባች። አስፋልቱ ውጭኛውን ጎማ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ግፊቱ መሬት ላይ ነው፣ ማጠፊያው ግን ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ በዚህ የተነሳ ግፊቱ የመኪናዋን ቂጥ ወደ ላይ ያነሳዋል። ቂጧ ሲነሳ ጎማው ወደ ሥሯ ይታጠፋል። ሲታጠፍ መያዙ ይቀንሳል። ሾፌሩ ደንግጦ ነዳጁን ድንገት ሲለቅ ወይም ፍሬን ሲረግጥ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና ቂጧ የባሰ ይነሳል። የሚቀጥለውን መገመት ትችላላችሁ።

ለዚህ ጥሩ መድኃኒት ከፊት የምትገጠም አንድ ስታብላይዘር ናት፤ ሥራውን ከኋላ ጎማዎች ቀንሳ ለፊቶቹ ትሰጣለች። ሼቭሮሌ ግን ለወጪ ብሎ ተዋት። በምትኳ የጎማ አየር አዘዘ፦ ሲቀዘቅዝ ከፊት 15፣ ከኋላ 26 ፒ.ኤስ.አይ.። በመርህ ደረጃ ያስኬዳል፤ አየሩ ያነሰ ጎማ በኩርባ ላይ የበለጠ ስለሚንሸራተት ፊቷን ያደክመዋል። ግን ሰውን አስቡት እንጂ! ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ «ፊቱን 15፣ ኋላውን 26 ሙላልኝ» ብትሉት መጀመሪያ ያያችኋል፣ ከዚያ «ተሳስተህ ነው» ብሎ ሁሉንም እኩል ይሞላላችኋል። የአሜሪካም ሰው ሰው ነው። የመኪና ደህንነት በመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ በአንድ መስመር ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በእኔ አስተያየት ከዘንጓ መቅረት ይልቅ ይህ ይከፋል።

የሚገርመው በዚያው በ1960 ሞዴል ላይ ቮልስዋገን ለትንሿ መኪናው የፊት ስታብላይዘር ጨመረ። ፖርሽም ያኔ የ356 ቢ ሱፐር 90 ስፖርት መኪናውን ሲያወጣ ከኋላ በኩል ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ተሻጋሪ ባሌስትራ አከለበት። ችግሩ የታወቀ ነበር፣ መፍትሔውም እንደዚያው።

ሼቭሮሌም አልዘገየም ለማለት እንዳልደፍር የደረጃ በደረጃውን ነገር ልንገራችሁ። በ1962 ለፈለገና ተጨማሪ ለከፈለ ሰው የፊት ስታብላይዘር፣ የተለወጠ ሞላና የኋላ አክስሉን ከልክ በላይ እንዳይወርድ የሚይዝ ማሰሪያ ያለው ጥቅል ቀረበ። ልብ በሉ፣ ይህን የሚገዛው መኪና የሚያውቅ፣ ፍጥነት የሚወድ ሰው ነው። ወተት ልትገዛ የምትነዳዋ እናት ስሙንም አልሰማች። በ1964 ሞዴል ዘንጓ ለሁሉም መኪና ተገጠመች። ከኋላም እንደ ፖርሽ ተሻጋሪ ባሌስትራ ገባ፣ ጥምዝ ሞላዎቹም ለስለስ ተደረጉ። ይህ ባሌስትራ ብልህ ነገር ነው፦ ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲወጡና ሲወርዱ ይሸከማል፣ መኪናዋ ስታጋድል ግን በመሀሉ ስለሚወዛወዝ አይቃወምም። ጭነቱን ከጥምዝ ሞላዎቹ ወሰደላቸው፣ ማጋደልን የመቃወሙን ሥራ ደግሞ ለፊቷ ዘንግ ተወላት። በ1965 ስዊንግ አክስሉ ራሱ ተወግዶ ከኮርቬት ስፖርት መኪና ጋር የሚቀራረብ አዲስ የኋላ እግር መጣ። በ1966 ዶን የንኮ የተባለ የመኪና ሻጭና ተወዳዳሪ ይህችኑ መኪና ወስዶ 100 ያህል የእሽቅድምድም ኮርቬይሮችን እስከመሥራት ደረሰ።

በኋላ ጆን ዴሎሪያን፣ ራሱ የሼቭሮሌ ኃላፊ የነበረው፣ በ1979 በወጣው መጽሐፍ እንደተረከው የዘንጓ ወጪ በአንድ መኪና 15 ዶላር አካባቢ ነበር፤ የገባችውም ከኤድ ኮል በኋላ የመጣው ባንኪ ኑድሰን ሥራዬን እለቃለሁ ብሎ ካስፈራራ በኋላ ነው። የዴሎሪያን ትረካ ነውና እንደ ትረካ ያዙት።

ግን እስከዚያ የተሸጡት አራት ዓመት ሙሉ የወጡ መኪናዎች መንገድ ላይ ናቸው። በካሊፎርኒያ በደረሰ አደጋ እጇን ያጣች ሴት ኩባንያውን ከሳ በ1964 በስምምነት 70,000 ዶላር ተከፈላት። በኅዳር 1965 መጨረሻ ራልፍ ኔደር የተባለ ወጣት የሕግ ባለሙያ «በማንኛውም ፍጥነት አደገኛ» የሚል ርዕስ ያለው መጽሐፍ አወጣ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ኮርቬይር ነው። ጄኔራል ሞተርስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሰውዬውን ሰላዮች አስከተለበት። ይህ ሲታወቅ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጄምስ ሮች በመጋቢት 1966 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። በዚያው ዓመት መስከረም ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የመኪና ደህንነትን በሕግ የሚያስገድደውን አዋጅ ፈረሙ።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ የሚል ታሪክ ይሆን ነበር። ግን አንድ ነገር ይቀራል። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት የ1963ቱን ኮርቬይር ከፎርድ ፋልከን፣ ከፕሊማውዝ ቫሊያንት፣ ከቮልስዋገን ቢትልና ከሬኖ ዶፊን ጋር አወዳድሮ ሞከረ። በ1972 የወጣው ዘገባ ኮርቬይር ከዘመኗ መኪናዎች የተለየ የመሽከርከርም የመገልበጥም አደጋ እንደሌላት ደመደመ። «ታዲያ ኔደር ተሳስቷል ማለት ነው?» ትሉኝ ይሆናል። የኮርቬይር ወዳጆች እንደዚያ ይላሉ። እኔ ዘገባውን የማነበው በሌላ መንገድ ነው፦ ከዘመኗ መኪናዎች አለመባሷ የዘመኑ መኪናዎች ደህና ነበሩ ማለት አይደለም። ሌላም አለ። የመኪና ሙከራ የሚካሄደው አየሩ በትክክል በተሞላ ጎማ፣ በሠለጠነ ሾፌር ነው። አራቱንም ጎማ እኩል ያስሞላው፣ ዝናብ ላይ ደንግጦ ፍሬን የረገጠው ሰው በዚያ ሜዳ ላይ የለም።

ክርክሩ ለኮርቬይር ዘገየባት። የፎርድ ማስታንግ ገበያዋን ወስዶት ነበርና የመጨረሻዋ በግንቦት 1969 ከፋብሪካ ወጣች። ስትሞት ጥሩ እግር ነበራት።

እናንተ መኪና ኖሯችሁ «አያያዟን ላሻሽል» ካላችሁ፣ መጀመሪያ የጎማውን አየር በር ላይ በተለጠፈው ቁጥር አስሞሉ፣ ያለቀ የስታብላይዘር ላስቲክና አሞርዛተር ካለ ቀይሩ። ከዚያ በኋላ ነው ሞላና ዘንግ መምረጥ የሚመጣው፤ ያኔም አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ባዶ ሜዳ ላይ መሞከር ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው ምን እንዳደረገ አታውቁትም። የኋላውን ስታብላይዘር ማወፈር መኪናዋን ቀልጣፋ ያደርጋታል፣ ስሜቱም ደስ ይላል። ግን ኮርቬይርን ወዳስቸገራት አቅጣጫ አንድ እርምጃ እንደሆነ እያወቃችሁ አድርጉት።

ያቺ ጋራዥ ውስጥ የቀረችው ዘንግ ልምምዴን እስክጨርስ ድረስ ግድግዳው ሥር ነበረች። ልጆቹ ጎማ መፍቻ ቧንቧ ሲጠፋባቸው እሷን ይጠቀሙባት ነበር።