እርከኑን ያፈረሰው ገበሬ

በ1982 ዓ.ም. ደርግ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ በየገጠሩ የሚገርም ነገር ታየ። ገበሬው በዘመቻ የሠራውን እርከን ማፍረስ ያዘ። ብዙ ባለሙያ ነገሩን በቀላሉ ዘጋው፤ ገበሬው ጥቅሙ አልገባውም፣ አለቀ!

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ወሎ በ1965/66 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የተመታች አገር ናት። መንግሥት በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ፣ በቀን 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት እየተከፈለ ተራራውን በእርከን አስከተረ። ምርምሩም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1981 በስዊሱ የበርን ዩኒቨርሲቲ እገዛ የአፈር ጥበቃ ምርምር ሲጀመር አንዱ ጣቢያ ደቡብ ወሎ፣ ማይባር ላይ ተከፈተ። በጎርፍ የሚሄደው አፈር ይለካ ጀመር።

ገበሬው የሚለካው ግን ሌላ ነው፤ አውድማ ላይ የሚገባውን እህል። እርከን ማሳ ይሻማል፣ በሬ ለማዞር አይመችም፣ አይጥ ይራባበታል። ይሄን ማን ቆጠረለት?

ጋዜጠኝነት ስንማር "አንድ ምንጭ ምንጭ አይደለም" ይሉን ነበር። ተመራማሪዎችም የዚህ ዓይነት ሕግ አላቸው። በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ ውጤታቸውን በስሌት ማጣመር። አሜሪካዊው ጂን ግላስ እ.ኤ.አ. በ1976 ሜታ-አናሊሲስ የሚል ስም አወጣለት።

የእኛም እርከን ተራው ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዘነበ አድማሱና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ የተሠሩ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ጥናቶችን አሰባስበው አወጡ። የአፈርና የድንጋይ እርከን ጎርፍንና የአፈር መሸርሸርን በደንብ ይቀንሳል። በሰብል ምርት ላይ ያለው ውጤት ግን አሉታዊ ሆኖ ተገኘ፤ ዋናው ምክንያት እርከኑ የሚይዘው መሬት ነው። ገበሬው ካፈረሰው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

ታዲያ እርከን ይቅር? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 መናለ ካሴና ባልደረቦቹ ትግራይንና አማራን ሲያነጻጽሩ፣ የድንጋይ እርከን ዝናብ አጠር በሆነው አካባቢ ምርት ሲጨምር፣ ዝናብ በሚበዛበት ግን አልጨመረም። አማካይ ቁጥር ብቻውን ለመካነ ሰላም አይፈርድም። ከደሴ ተነስታችሁ በአቀስታ በኩል ቦረና እስክትደርሱ የለጋምቦን ብርዳማ ከፍታ ታልፋላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ዞኑ አንድ ነው፣ አየሩና ማሳው ግን ብዙ።

በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመርም፣ በኋላ በተፋሰስ ዘመቻዎችም፣ የደጋው ሰው ጉልበት የፈሰሰው በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ "ጥናት ያሳያል" የሚል ባለሥልጣን ሲገጥማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ስንት ጥናት? የት የተሠራ? ምን የለካ? የቦረና ገበሬ ማሳውንና ጉልበቱን ከመስጠቱ በፊት የዚህ መልስ ይገባዋል።